ደረጃ አሥራ አራት

ዊኒፔግ፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
መስኮቱ ላይ በረዶ የራሱን ፊደል ሲገምድ
እኔ የሌላ ሰው ጥፋት ቁጭ ብዬ አብራራለሁ፤
ስለ አንድ ቁልፍ ብቻ አራት ገጽ ጽፌያለሁ።

ሶፍትዌሩ የአረጋውያን መጦሪያ የመድኃኒት መዝገብ ነው፤
ማን ምን ዋጠ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ሰጠው።
የሠራው ግሬግ ይባላል። ሥራውን ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ።
የተረፈን ሰማያዊው ቁልፍ ነው፣
ለምን እንዲያ እንዳደረገው ግን ይዞት ሄዷል።

ቁልፉ «እሺ» ይላል።
«እሺ» ማለት ምን ማለት ነው?
አንድም፦ አየሁት፣ ተቀበልኩት፣ ይለፍ።
አንድም፦ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ይርገፍ።
አንድም፦ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የነኩት እንደሆነ፣
ያልተሰጠው ክኒን ተሰጥቷል ብሎ መመስከር።
አንድ ቃል ይህን ያህል ተሸክሞ
የሚገኘው ቅኔ ቤት ይመስለኝ ነበር፤
እዚያ ግን ባለቅኔው አውቆ ነው የሚደብቀው።
ግሬግ የቀበረው ወርቅ የለም።
ሰም ብቻ ነው፤ ያውም የቀለጠ።

መዝገቡ የት ነው የሚቀመጠው? ብዬ ብጠይቅ
«ደመና ላይ» አለኝ ፕራካሽ፣ ሳይስቅ።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፦
ማክሰኞ ማታ መስመሩ ሲቋረጥ
የስድስተኛው ፎቅ የኢንሱሊን ሰዓት ከላሟ ጋር ቀረ፣ በላይ።

ሻነን፣ አለቃዬ፣ በቀይ ታሰምራለች፤
«ስህተት» የሚለውን «ልዩ ጠባይ» በይው ትላለች።
«ይጠንቀቁ» አትበይ፣ ደንበኛን ያስደነግጣል፤
«ልብ ይበሉ» በይ፣ እሱ ይለሰልሳል።
እሺ አልኳት።
(የትኛው እሺ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።)

አናጢ ቤት ሲሠራ አንዱን ደረጃ ቢዘለው
የሚጠራው አናጢው ነው፤ መዶሻውን ይዞ ይሙላው።
እዚህ ግን የምጠራው እኔ ነኝ። ብዕር ይዤ እመጣና
«ከአሥራ ሦስተኛው ቀጥሎ እግርዎን ከፍ ያድርጉ» እላለሁ፣ በትሕትና።
የወደቀ እንደሆን «አላነበበም» ይባላል።
አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤
ለካ ድሮውንም ስለ ማውሱ ኖሯል።

ትናንት ዶሎሬስ ዘንድ ሄድኩ። የሌሊት ነርስ ናት፣ ከኢሎኢሎ የመጣች፣
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ኮሪደር ላስቲክ ጫማ የጨረሰች።
መጽሐፌን በዓይኔ ፈለግኩት።
አገኘሁት፦ ከስክሪኑ ሥር ተነጥፏል፣
አንገቷን እንዳያማት ከፍ አድርጎላታል።
መቶ አርባ ሁለት ገጽ፤ ልክ በልኳ።

ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ግን ቢጫ ወረቀት ነበር፣
ጥጉ የታጠፈ፣ በቁስል ፕላስተር የተያዘ፦

«አንዴ ንኪው። እጅሽን አንሺ።
እስከ አምስት ቁጠሪ።
እምቢ ካለሽ ሚስተር ኮዋልቹክን ራሱን ጠይቂው፤
እሱ ያስታውሳል።»

ቆሜ አነበብኩት፤ ደገምኩት።
እኔ እኮ እዚህ ጋ
«ሥርዓቱ ምላሽ እስኪሰጥ በትዕግሥት ይጠብቁ» ነበር ያልኩት፤
እስከ መቼ? አላልኩም። አላውቅማ።
እሷ ቆጥራዋለች።

ልወስደው? አልኳት። ሳቀች።
«ከጻፍኩት ሰባት ዓመቴ፤
ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለች።

ማታውኑ ደረጃ አሥራ አራትን ፋቅኩት፣
አራቱንም ገጽ። የሷን ቃል እንዳለ አሰፈርኩት፤
ሚስተር ኮዋልቹክ ብቻ፣ ለሕጉ ሲባል፣ «ታካሚው» ሆነ።
«ይጠብቁ» የለ፣ «ልብ ይበሉ» የለ።
ሻነን ነገ ታየዋለች። ትየው።

ከዚያ እሺን ነካሁ፣
አንዴ።
እጄን አነሳሁ።
አንድ፣
ሁለት፣
ውጪ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መንገዱን እየፋቀ አለፈ፣
ሦስት፣
አራት